ከካርቶኑ ላይ ካለው ቁጥር በፊት፦ ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ የኔትወርክ ስዊች አመራረጥ

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



የዛሬው ርእሰ ጉዳያችን ሲያዩት አነስተኛ ነው፤ በመዳፍ ላይ የሚቀመጥ፣ ጥቃቅን መብራቶች ብልጭ ድርግም የሚሉበት፣ አብዛኛውን ዕድሜውን ከጠረጴዛ ሥር አቧራ ለብሶ የሚያሳልፍ ሳጥን። ስለ እርሱ አንድ ሙሉ ንግግር ለምን አስፈለገ የሚል ጥያቄ ቢነሣ አይፈረድም። መልሱን ከራሴ ስሕተት ልጀምር።

ከዓመታት በፊት፣ ከተማሪነት ብዙም ሳልርቅ፣ በአዲስ አበባ የሒሳብ አያያዝ አገልግሎት የሚሰጥ የአንድ አነስተኛ ቢሮ ባለቤት ምክር ጠየቁኝ። ቢሮው ዘጠኝ ሠራተኞች ነበሩት። የደንበኞች ሰነድ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጣል፤ ሌሎቹ ሁሉ ፋይል የሚከፍቱት ከእርሱ ነው። ፋይል ለመክፈት ረጅም ጊዜ ስለሚፈጅ፣ የግብር ወቅት በደረሰ ቁጥር ሠራተኞቹ እስከ ምሽት ይቆዩ ነበር። እኔም ነገሩን በቅጡ ሳልመረምር፣ ባለ 24 ፖርት፣ ማራገቢያ ያለው፣ ማስተካከያው የበዛ ውድ ስዊች እንዲገዙ መከርኳቸው። እሳቸውም አምነውኝ ገዙ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። «መምህር፣ ዕቃው ምርጥ ነው ብለውኝ ነበር፤ ታዲያ ፋይሉ ስለ ምን እንደ ድሮው ይንቀራፈፋል?» አሉኝ። ሄጄ ስመለከት ችግሩ ከስዊቹ አልነበረም። ሰነዱ ካለበት ኮምፒውተር የሚነሣው ገመድ በበሩ ሥር ሲያልፍ ተጨፍልቆ፣ በውስጡ ካሉት አራት ጥንድ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሷል። በእንዲህ ዓይነቱ የመዳብ ገመድ በ1 ጊጋቢት ፍጥነት ለመሥራት አራቱም ጥንዶች ያስፈልጋሉ፤ በ100 ሜጋቢት ለመሥራት ግን ሁለቱ ብቻ ይበቃሉ። ስለዚህ መሣሪያዎቹ ለማንም ሳይናገሩ ወደ ዝቅተኛው ፍጥነት ወርደው ይሠሩ ነበር። አንድ ገመድ በመለወጥ የሚፈታን ችግር በውድ ዕቃ ልፈታ ሞክሬ ነበር ማለት ነው።

ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ባለቤቷ በዚያ ገንዘብ ዩፒኤስ ሊገዙ አስበው ነበር፤ ገንዘቡ ስዊቹ ላይ ስላለቀ እርሱ ቀረ። ከወራት በኋላ መብራት በድንገት ሲጠፋ ሲሠራበት የነበረ የአንድ ደንበኛ ሰነድ ተበላሸ፤ ሠራተኞቹም የሦስት ቀን ሥራ እንደገና ከወረቀት ላይ ገለበጡ። ወይዘሮዋ አንድም የወቀሳ ቃል አልተነፈሱም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ነገር ለራሴ ደንግጌአለሁ፤ የዛሬው ንግግሬም ፍሬ ነገር እርሱ ነው። ስዊች የሚመረጠው ካርቶኑ ላይ በታተመው ቁጥር አይደለም፤ በቤቱ ወይም በቢሮው ውስጥ መረጃ ከየት ወደ የት እንደሚጓዝ፣ ጉዞውም የት ላይ እንደሚታነቅ አስቀድሞ በማወቅ ነው።

1. ስዊች ምን ይሠራል?

ስዊች ሲባል የአምፖል ማብሪያ ማጥፊያ የሚታያችሁ እንዳላችሁ እገምታለሁ። የኔትወርክ ስዊች ሥራ ከዚያ የተለየ ነው፤ ምንነቱንም ለመረዳት ወደ መነሻው መመለስ ይጠቅማል። ኤተርኔት የተባለው የግንኙነት ዘዴ የተወለደው በ1973 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሚገኘው የዜሮክስ የምርምር ማእከል ሲሆን፣ ሮበርት ሜትካፍና ዴቪድ ቦግስ የሠሩት የመጀመሪያው ሥርዓት በሰከንድ 2.94 ሜጋቢት ያስተላልፍ ነበር። ኮምፒውተሮቹ ሁሉ የሚጋሩት አንድ ወፍራም ገመድ ነበር። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከተናገሩ መልእክታቸው ይጋጫል፤ ሁለቱም ዝም ብለው፣ የተለያየ ያህል ጊዜ ጠብቀው፣ እንደገና ይሞክራሉ።

ቆይቶ የመጣው ሀብ የተባለው መሣሪያ ገመዱን ወደ ሳጥን ሰበሰበው እንጂ ጠባዩን አልለወጠውም። ሀብ እንደ አዋጅ ነጋሪ ነው፤ ለአንድ ሰው የመጣውን ቃል ለመንደሩ ሁሉ ይለፍፈዋል። ስዊች በአንጻሩ ደብዳቤውን ይዞ እስከ ተቀባዩ ደጃፍ እንደሚሄድ መልእክተኛ ነው። ካልፓና የተባለው ኩባንያ በ1990 እ.ኤ.አ. ባለ 7 ፖርት የኤተርኔት ስዊች ለገበያ አቀረበ፤ ኩባንያውን ከአራት ዓመት በኋላ ሲስኮ ገዛው።

መልእክተኛው የእያንዳንዱን ደጃፍ የሚያውቀው በመማር ነው። እያንዳንዱ የኔትወርክ መሣሪያ 48 ቢት ርዝመት ያለው ማክ አድራሻ አለው። ስዊቹ በአንድ ፖርት በኩል መልእክት ሲገባ የላኪውን አድራሻ አንብቦ «ይህ አድራሻ በዚህ ፖርት በኩል ይገኛል» ብሎ በሰንጠረዡ ይመዘግባል። ተቀባዩን ገና ካላወቀው መልእክቱን ከመጣበት በቀር ወደ ሁሉም ፖርት ይልካል፤ ተቀባዩ በመለሰ ጊዜ አድራሻውን ይማራል። ለጥቂት ጊዜ፣ በብዙዎቹ መሣሪያዎች ለ5 ደቂቃ፣ ያልተሰማ አድራሻ ከሰንጠረዡ ይፋቃል። ሁለት ኮምፒውተሮች ሲነጋገሩ ሌሎች ሁለት ሳይጠብቁ መነጋገር የሚችሉትም በዚህ አሠራር ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው የምርጫ ጥያቄ ይመጣል፤ ለመሆኑ ስዊች ያስፈልጋችኋልን? ከቤታችን ያለው ራውተር ብዙውን ጊዜ ሦስት መሣሪያ በአንድ ሳጥን ነው። ወደ ውጭ የሚያሻግር ራውተር፣ የዋይፋይ ማሰራጫና አራት ያህል ፖርት ያለው ትንሽ ስዊች በአንድነት ይዟል። በገመድ የምታገናኟቸው ዕቃዎች ሦስት ወይም አራት ብቻ ከሆኑ፣ ምንም ሳትገዙ ወደ ቤታችሁ ብትመለሱ ይህ ንግግር ግቡን መትቷል።

«ሁሉም ሰው በዋይፋይ በሚጠቀምበት ዘመን ገመድ ለምን?» የሚል ጥያቄም ይኖራል። ዋይፋይ ምቹ ነው፤ ነገር ግን በአንድ ቻናል ላይ ያሉ መሣሪያዎች ልክ እንደ 1973ቱ ገመድ አንድን አየር ይጋራሉ፤ በአንድ ጊዜ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ይጠብቃል። ከቦታ ቦታ የማይንቀሳቀሱትን ዕቃዎች ወደ ገመድ ባዛወርን ቁጥር አየሩ ለስልኮችና ለላፕቶፖች ይለቀቃል።

2. መረጃው ወዴት ይጓዛል?

በአንድ ቢሮ ውስጥ መረጃ ሁለት ዓይነት ጉዞ ይጓዛል። አንደኛው ከውስጥ ወደ ውስጥ ነው፤ ከሠራተኛው ኮምፒውተር ወደ ፕሪንተሩ፣ ወደ ሰነድ ማስቀመጫው ወይም ከካሜራው ወደ መቅረጫው። ሁለተኛው ከውስጥ ወደ ውጭ፣ ማለትም ወደ ኢንተርኔት ነው። ስዊች የሚያፋጥነው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ላይ ገደቡን የሚያስቀምጠው ከአገልግሎት ሰጪው የተከራየነው መስመር ነው።

በቁጥር እንየው። 2 ጊጋባይት የሚመዝን ፋይል በቢት ሲሰላ 16 ጊጋቢት ነው። በ1 ጊጋቢት የውስጥ ኔትወርክ ይህ ፋይል በ16 ሰከንድ ይደርሳል። በ100 ሜጋቢት 160 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ይፈጃል። ፋይሉ የሚወርደው ከኢንተርኔት ከሆነና መስመራችን በሰከንድ 20 ሜጋቢት ከሆነ ደግሞ 800 ሰከንድ፣ ከ13 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። እነዚህ የስሌት ወለሎች ናቸው፤ በተግባር የመልእክቱ ማሸጊያ የሚወስደው ጥቂት ድርሻ ይጨመርበታል። ልብ በሉ፤ የ100 ሜጋቢቱን ስዊች በ1 ጊጋቢት ብንለውጠው፣ ሌላው ቀርቶ በ10 ጊጋቢት ብንተካው፣ 800ው ሰከንድ 800 ሆኖ ይቀራል። «ኢንተርኔቱ ስለዘገየ ስዊች እንግዛ» የሚል ሰው ከጉድጓዱ ውኃ ሲያንስ ባልዲ የሚቀይር ሰው ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ወረቀት አውጡና ዕቃዎቹን ሣሉ። በመካከላቸው ቀስት አድርጉ፤ ብዙ መረጃ በሚጓዝበት ቀስቱን አወፍሩት። ያ ሥዕል ከማንኛውም ሻጭ የተሻለ አማካሪ ይሆናችኋል።

3. ፍጥነትና ሌሎች የካርቶን ቁጥሮች

100 ሜጋቢት የሚያስተላልፈው ፋስት ኤተርኔት በ1995 ደረጃ ወጣለት፤ በመዳብ ገመድ 1 ጊጋቢት የሚያስተላልፈው በ1999፣ 10 ጊጋቢቱ በ2006፣ 2.5 እና 5 ጊጋቢቱ ደግሞ በ2016፤ ሁሉም እ.ኤ.አ. ናቸው። ዛሬ ለቤትና ለአነስተኛ ቢሮ አማካይ ምርጫው 1 ጊጋቢት ነው። 2.5 ጊጋቢት ተገቢ የሚሆነው ሁለት ነገር ሲሟላ ነው፤ በሥዕላችሁ ላይ ወፍራም ቀስት ሲኖር፣ ለምሳሌ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ከሰነድ ማስቀመጫ ጋር ሲሠራ፣ እንዲሁም በቀስቱ በሁለቱም ጫፍ ያሉት ዕቃዎች ያንን ፍጥነት የሚችሉ ሲሆኑ። አንደኛው ጫፍ ብቻ ፈጣን ከሆነ ሁለቱም በዝግተኛው ልክ ይሄዳሉ።

ባለ 8 ፖርት ስዊች ካርቶን ላይ «16 ጊጋቢት» የሚል ቁጥር ብታዩ አትደነቁ። ስምንት ፖርት፣ እያንዳንዱ 1 ጊጋቢት፣ በመላክና በመቀበል ሁለት ጊዜ ሲባዛ 16 ይሆናል። ቁጥሩ ስዊቹ ሁሉም ፖርቶች በአንድ ጊዜ ሲሠሩ ሳይታነቅ ማስተናገድ እንደሚችል ይናገራል እንጂ የተለየ ፍጥነት አያመለክትም። በሰከንድ የሚያልፉትን መልእክቶች የሚገልጸው ቁጥርም እንዲሁ ነው። ትንሹ የኤተርኔት መልእክት 64 ባይት ነው፤ መንደርደሪያውና በመልእክቶች መካከል ያለው ክፍተት 20 ባይት ሲጨመር 84 ባይት፣ ማለትም 672 ቢት ይሆናል። አንድ ቢሊዮን ለ672 ሲካፈል በአንድ ፖርት 1.488 ሚሊዮን፣ በስምንት ፖርት 11.9 ሚሊዮን ያህል ይሆናል። ተማሪዎች ይህን ስሌት ራሳችሁ ሥሩት፤ ከዚያ በኋላ የማስታወቂያ ቁጥር አያስፈራችሁም።

4. የፖርት ብዛት

በገበያ ላይ የሚዘወተሩት ባለ 5፣ ባለ 8፣ ባለ 16ና ባለ 24 ፖርት ናቸው። ከሥዕላችሁ ላይ ገመድ የሚሻውን ዕቃ ቁጠሩ፤ ወደ ራውተሩ የሚሄደውንም አንድ ፖርት አትርሱ፤ ለመጪው ጊዜ ሁለት ሦስት ጨምሩበት። ባለ 8 ጎድሎት ሌላ ባለ 8 የሚቀጥል ሰው 16 ፖርት አያገኝም፤ ሁለቱን ለማያያዝ ሁለት ፖርት ስለሚወስድ 14 ይቀርለታል። ከዚህም በላይ በአንዱ ስዊች ላይ ያሉት ሁሉ በሌላው ላይ ወዳሉት የሚሻገሩት በዚያች አንዲት ገመድ ነው። መቀጠል ግድ ከሆነ፣ ሰነድ ማስቀመጫውን አብዛኛው ተጠቃሚ ካለበት ስዊች ላይ አድርጉት።

5. በገመዱ ውስጥ የሚሄድ ኃይል

የደኅንነት ካሜራ፣ የኔትወርክ ስልክ ወይም በጣሪያ ላይ የሚሰቀል የዋይፋይ ማሰራጫ በአቅራቢያው ሶኬት ላያገኝ ይችላል። ፒ.ኦ.ኢ. የተባለው ዘዴ የኤሌክትሪክ ኃይሉን በዚያው በኔትወርክ ገመዱ ይልካል። በ2003 የወጣው ደረጃ በአንድ ፖርት እስከ 15.4 ዋት፣ በ2009 የወጣው እስከ 30 ዋት፣ በ2018 የወጣው ደግሞ እስከ 90 ዋት ይፈቅዳል። በመንገድ ላይ የሚባክን ስላለ ዕቃው ዘንድ የሚደርሰው ያንሳል፤ ከ15.4ቱ 12.95፣ ከ30ው 25.5 ዋት ይደርሳል ተብሎ ይሰላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው የአንዱን ፖርት ኃይል ከጠቅላላው የኃይል ጣሪያ ጋር በማምታታት ነው። ስምንት ፖርት ያለውና በእያንዳንዱ 30 ዋት መስጠት የሚችል ስዊች በጠቅላላው 240 ዋት ይሰጣል ማለት አይደለም፤ ጣሪያው 60 ዋት ሊሆን ይችላል። ስድስት ካሜራ እያንዳንዱ 7 ዋት ቢወስድ 42 ዋት ነው፤ ይበቃል። ነገር ግን ካሜራዎቹ ሌሊት የጨለማ ማያ መብራታቸውን ሲያበሩ እያንዳንዱ 11 ዋት የሚጠይቅ ከሆነ ድምሩ 66 ይሆንና ከጣሪያው ያልፋል። ቀን ቀን በሰላም የሚሠራ ካሜራ ሌሊት፣ ጥበቃው በሚፈለግበት ሰዓት፣ ይጠፋል። ስለዚህ የምትደምሩት የዕቃዎቹን ከፍተኛ ፍጆታ ይሁን።

6. የሚተዳደር ወይስ የማይተዳደር?

የማይተዳደር ስዊች ገመድ ሰክተው የሚረሱት ነው፤ ለአብዛኛው ቤት ይበቃል። የሚተዳደረው በኮምፒውተር በኩል ገብተው የሚያስተካክሉት ነው። በሁለቱ መካከል ጥቂት ማስተካከያዎች ብቻ ያሉት፣ ዋጋውም መካከለኛ የሆነ ዓይነት አለ። ለአነስተኛ ቢሮ መተዳደሩ የሚጠቅመው በተለይ በሁለት ምክንያት ነው።

አንደኛው ቀለበትን መከላከል ነው። አንድ ሰው ቢሮ ሲያጸዳ የወደቀ ገመድ ያገኝና «ተነቅሎ ይሆናል» ብሎ ሁለቱንም ጫፍ አንድ ስዊች ላይ ይሰካል። ለሁሉም የተላከ መልእክት በአንዱ ወጥቶ በሌላው ይገባል፤ ገብቶም ይወጣል። የኤተርኔት መልእክት የዕድሜ ገደብ ስለሌለው ያለ ማብቂያ ይዞራል፤ በየዙሩም ወደ ሌሎቹ ፖርቶች ሁሉ ይባዛል፤ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ቢሮው በሙሉ ይቆማል። ራዲያ ፐርልማን በ1985 እ.ኤ.አ. ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው ኩባንያ ሳሉ የፈጠሩት ስፓኒንግ ትሪ የተሰኘው ዘዴ እንዲህ ያለውን ቀለበት አውቆ አንዱን መንገድ ይዘጋዋል። አንዳንድ የማይተዳደሩ ስዊቾችም ቀለበት የሚያውቁበት ቀለል ያለ ዘዴ ስላላቸው፣ ስትገዙ ጠይቁ።

ሁለተኛው መለያየት ነው። ቪላን የሚባለው ዘዴ አንዱን ስዊች እንደ ብዙ ስዊቾች አድርጎ ይከፍለዋል። እንግዳ በዋይፋይ ሲገባ ኢንተርኔቱን ያገኛል፤ የደንበኞች ሰነድ ወዳለበት ኮምፒውተር ግን አይደርስም። ካሜራዎቹም በየራሳቸው ክፍል ይታጠራሉ። ይህ እንዲሠራ ራውተሩና የዋይፋይ ማሰራጫውም ዘዴውን የሚያውቁ መሆን አለባቸው።

ነገር ግን የሚተዳደር ዕቃ አስተዳዳሪ ይፈልጋል። ከፋብሪካ የመጣበትን የይለፍ ቃል የሚለውጥ፣ የሶፍትዌር ማሻሻያ ሲወጣ የሚጭን፣ ማስተካከያውን በወረቀት መዝግቦ የሚያስቀምጥ ሰው ከሌለ፣ የሚተዳደረው ስዊች በሩ ያልተቆለፈ ቤት ይሆናል። ከትልልቅ ድርጅቶች የወጡ ያገለገሉ ስዊቾችም በርካሽ ሲገኙ ይህን አስቡ፤ ብዙዎቹ ማሻሻያቸው የቆመ፣ ማራገቢያቸው የሚጮህ፣ መብራት የሚበሉ ናቸው።

7. መብራት፣ ሙቀትና አቧራ

በአገራችን ሁኔታ ይህ ክፍል ከፍጥነቱ የሚበልጥ ክብደት አለው። መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሩን በዩፒኤስ ያቆየ፣ ስዊቹንና ራውተሩን ግን የዘነጋ ቢሮ፣ የሚሠራ ኮምፒውተር ይዞ ፋይሉን ማስቀመጥ ያልቻለ ቢሮ ነው። በመረጃው መንገድ ላይ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ፣ የፋይበሩ መቀበያ ሣይቀር፣ በአንድነት ከዩፒኤስ ጋር መያያዝ አለባቸው።

ደግነቱ እነዚህ ዕቃዎች የሚወስዱት ኃይል ጥቂት ነው። ራውተሩ 10፣ ስዊቹ 5፣ የፋይበሩ መቀበያ 5 ዋት ቢወስዱ ድምሩ 20 ዋት ነው። በትንሽ ዩፒኤስ ውስጥ የሚገኝ የ12 ቮልት፣ የ7 አምፔር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል። በወረቀት ላይ ከ4 ሰዓት በላይ ያቆያል፤ በመለወጫው የሚባክነውንና ባትሪው እስከ ታች መሟጠጥ እንደማይገባው ስናስብ ግን በግማሹ ያህል ማቀድ ይሻላል። ካሜራዎችን የሚመግብ የፒ.ኦ.ኢ. ስዊች በዚሁ ዩፒኤስ ላይ ከሆነ የካሜራዎቹን ዋት ሁሉ መደመር ግድ ነው።

ማራገቢያ የሌለው ስዊች ድምፅ አያሰማም፤ አቧራም ወደ ውስጥ አይስብም። ሙቀቱን የሚያስወጣው በአካሉ ስለሆነ ግን በመጽሐፍ ክምር ሥር ወይም በመጋረጃ ውስጥ አይቀመጥ። እኔ ያስገዛሁት ባለ ማራገቢያ ስዊች ከጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ሆኖ ጩኸቱ ስላስቸገራት፣ ሰው በሌለበት ሰዓት ትነቅለው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ያልተወደደ ዕቃ ይነቀላል። እንዲሁም ገመዱ ከአንድ ሕንፃ ወጥቶ ወደ ሌላ የሚሻገር ከሆነ፣ መብረቅ ሊያመጣ የሚችለውን ጉዳት ለመከላከል ከመዳብ ይልቅ ፋይበር ይመረጣል፤ ለዚህም የፋይበር መሰኪያ ያለው ስዊች ያስፈልጋል።

8. ገመዱን አትርሱ

ካቴጎሪ 5ኢ የተባለው ገመድ 1 ጊጋቢትን እስከ 100 ሜትር ያደርሳል። ካቴጎሪ 6 ደግሞ 10 ጊጋቢትን እስከ 55 ሜትር ያህል ይችላል። በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ገመዶች ግን ውስጣቸው አሉሚኒየም ሆኖ ላያቸው ብቻ መዳብ የተቀባ ነው። የሽቦውን ጫፍ በምላጭ ፋቅ አድርጉት፤ ውስጡ ነጭ ሆኖ ከታየ መዳብ አይደለም። እንዲህ ያለው ሽቦ በቀላሉ ይሰበራል፤ የኃይል ብክነቱና ሙቀቱም ስለሚበዛ በተለይ ለፒ.ኦ.ኢ. አይሆንም።

ገመዱ ከተሰካ በኋላም ግንኙነቱ በስንት ፍጥነት እንደቆመ አረጋግጡ። ኮምፒውተሩ በኔትወርክ መረጃው ላይ ፍጥነቱን ይጽፋል፤ ብዙ ስዊቾችም በመብራት ቀለም ያሳያሉ፤ የቀለሙን ትርጉም ከመመሪያው አንብቡ። ያን ቀን እኔ ይህን የአንድ ደቂቃ ምርመራ አድርጌ ቢሆን ኖሮ ይህ ንግግር ሌላ መግቢያ ይፈልግ ነበር።

9. ያ ቢሮ ዛሬ ቢጠይቀኝ

አሁን ወደዚያ ቢሮ እንመለስና የተባለውን በሥራ ላይ እናውለው። ዘጠኝ የሠራተኞች ኮምፒውተሮች፣ አንድ ሰነድ ማስቀመጫ፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ የዋይፋይ ማሰራጫ፣ ወደ ራውተሩ አንድ ገመድ፤ ድምሩ 13 ነው። ሦስት ካሜራዎች አሉ እንበል፤ እነርሱን በአንድ ትንሽ የፒ.ኦ.ኢ. ስዊች ሰብስበን በአንድ ገመድ ብናገናኛቸው 14 ይሆናል። ባለ 16 ፖርት፣ 1 ጊጋቢት፣ ማራገቢያ የሌለው ስዊች ሁለት መጠባበቂያ ፖርት ይተርፈዋል።

በወረቀቱ ላይ ወፍራሙ ቀስት ከሠራተኞቹ ወደ ሰነድ ማስቀመጫው የሚሄደው ነው፤ ሁሉም በአንድ ስዊች ላይ ስለሆኑ በመካከላቸው ማነቆ የለም። ደንበኞች ወደ ቢሮው እየመጡ ዋይፋይ ስለሚጠይቁና ሰነዱ የሰው ምስጢር ስለሆነ፣ ቪላንና ቀለበት መከላከያ ያለውን መካከለኛውን ዓይነት እመርጣለሁ፤ ማስተካከያውንም በአንድ ገጽ ጽፌ ለባለቤቷ አስረክባለሁ። ከዚያ የሚተርፈው ገንዘብ በቅድሚያ ለዩፒኤስ፣ ቀጥሎ ለጥሩ ገመድ ይውላል። የተጨፈለቀውም ገመድ ከበሩ ሥር ወጥቶ በግድግዳው ጥግ በመሸፈኛ ውስጥ ያልፋል።

ይህ ዝርዝር ያኔ ካስገዛኋቸው ስዊች በካርቶን ቁጥር ያነሰ ነው። ለዘጠኙ ሠራተኞች ግን ማታ በጊዜ ወደ ቤት መግባት ማለት ነው።

ውድ ተማሪዎች፤ ነገ ከዚህ ግቢ ስትወጡ አጎታችሁ ስለ ሱቁ፣ ጎረቤታችሁ ስለ ክሊኒኳ፣ የሠፈራችሁ ዕድር ስለ ጽሕፈት ቤቱ ይጠይቋችኋል። ስለ ኮምፒውተር የተማረ ሰው የሚናገረውን ያምናሉ፤ ያላቸውን ገንዘብ አውጥተውም የተባሉትን ይገዛሉ። ዕቃ ከመጥራታችሁ በፊት ወረቀት ጠይቁ፤ ቀስቶቹን ሣሉ፤ ጎንበስ ብላችሁ ገመዱን እዩ። «ምንም አትግዙ» ማለት የሚገባበት ቀን ሲመጣም ደፍራችሁ ተናገሩት።